ዛፎቹ ለምን አይቆረጡም? ስለ ታ ፕሮምና ስለ ቤንግ ሜሊያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በመጪው ጥር ከባለቤቴ ጋር ወደ ካምቦዲያ እንጓዛለን፤ ሲየም ሪፕ ላይ ሦስት ቀን እንቆያለን። ደን ከዋጣቸው ጥንታዊ የክመር፣ ማለትም የካምቦዲያ ሕዝብ፣ ቤተ መቅደሶች መካከል ታ ፕሮምን ብቻ ብናይ ይበቃናል ወይስ ራቅ ቢልም ወደ ቤንግ ሜሊያ መሄድ ይገባናል? ዛፎቹ ሕንጻዎቹን እያፈረሱ መሆናቸው በግልጽ እየታየ ለምን አይቆረጡም? የእኛ መሄድስ ጉዳቱን አያባብሰውም?

ምላሽ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን በአጭሩ ልመልስ። ሁለቱንም ይዩ፤ ታ ፕሮምን ያስቀድሙ፣ ቤንግ ሜሊያን በማግስቱ ያድርጉት። ቅደም ተከተሉን የመረጥኩት ለመንገድ ምቾት ብዬ አይደለም። ታ ፕሮም ሰዎች ዛፉንና ድንጋዩን አብረው ለማኖር ወስነው መቶ ዓመት ያህል የደከሙበት ቦታ ሲሆን፣ ቤንግ ሜሊያ ደግሞ ያ ድካም እምብዛም ያልደረሰበት ነው። የመጀመሪያውን አይቶ ወደ ሁለተኛው የሄደ ሰው፣ ሁለተኛ ጥያቄዎ የሚመለስበትን ነገር በዓይኑ ያገኘዋል። እኔ የጥንታዊ የድንጋይ ሕንጻዎች ጥገና ላይ የምሠራ አርክቴክት ስለሆንኩ ምላሼ ወደ ድንጋዩ ያደላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታ ፕሮምን ያሠራው በ1181 የነገሠው ጃያቫርማን 7ኛ ነው። የመሠረት ጽሑፉ የ1186 ሲሆን፣ ቤተ መቅደሱ ለንጉሡ እናት መታሰቢያ፣ በፕራጅናፓራሚታ ማለትም በቡድሃ እምነት የጥበብ እናት በምትባለዋ አምሳል መቆሙን ይናገራል። የቀድሞ ስሙ ራጃቪሃራ፣ የንጉሥ ገዳም፣ ነበር። ያው ጽሑፍ በቅጥሩ ውስጥ 12,640 ሰዎች ይኖሩ እንደነበር፣ ከእነዚህም 615ቱ ዳንሰኞች እንደነበሩ፣ ገዳሙን የሚያገለግሉና የሚቀልቡ መንደሮችም 3,140፣ ሕዝባቸውም 79,365 እንደነበር ይዘረዝራል። እነዚህን ቁጥሮች በቃልዎ እንዲይዙ የምለምንዎ በምክንያት ነው። ዛሬ ግቢውን የሚያየው ጎብኚ ሁሉ በጸጥታ ውስጥ ለብቻው የቆመ መቅደስ ያየ ይመስለዋል፤ የውጭው ቅጥር ግን 1 ኪሎ ሜትር በ650 ሜትር ያህል ነው፣ በዛፎቹ መካከል ባዶ የሚመስለው መሬትም የእንጨትና የሣር ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነበር። ክመሮች በድንጋይ ቤት የሠሩት ለአማልክት ብቻ ነው፤ ንጉሡም ሳይቀር የኖረው በእንጨት ቤት ነው። ስለዚህ ደኑ ከዋጠው ከተማ አብዛኛው ክፍል የበሰበሰ እንጨት ሆኖ ቀርቷል፤ እኛ የምናየው ሊዋጥ ያልቻለውን ነው።

አካባቢው አንግኮር የሚባለው የክመር ነገሥታት ዋና ከተማ ነበር። ዋና ከተማነቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ደቡብ ከዞረ በኋላ ትልቁ ቤተ መቅደስ አንግኮር ዋት በመነኮሳት እጅ ቆየ እንጂ ፈጽሞ አልተተወም፤ ታ ፕሮምን የመሳሰሉት ግን ጠባቂ አጡ። አካባቢው በ1907 ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ፣ ግዛት ተመልሶ በፈረንሳይ አስተዳደር ሥር ወደነበረችው ካምቦዲያ ሲጠቃለል፣ የፈረንሳይ የሩቅ ምሥራቅ ጥናት ትምህርት ቤት ቤተ መቅደሶቹን አንድ በአንድ ከደን ማጽዳት ጀመረ። ታ ፕሮም ግን ሆን ተብሎ ተለይቶ ቀረ፤ የቀድሞ ተጓዦች ያገኙትን መልክ የሚያሳይ አንድ ቦታ ይኑር ተባለ። ይህ ማለት እንዲሁ ተተወ ማለት አይደለም። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ የተሰነጠቁ ግድግዳዎች ተደገፉ፣ መተላለፊያዎች ተጠረጉ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ግን ቆሙ። ከ2004 አካባቢ ጀምሮ የሕንድ የአርኪዮሎጂ ተቋም አንግኮርን ከሚያስተዳድረው ከአፕሳራ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ እዚያው ይሠራል፤ የዳንሰኞቹን አዳራሽ ከወደቀበት መልሶ አቁሟል፣ ለዛፎቹም ከዴህራዱን የደን ምርምር ተቋም ባለሙያዎችን አምጥቷል። ስለዚህ «ሰው ያልነካው» የሚለውን የአስጎብኚዎች ቃል በታ ፕሮም በር ላይ ቢሰሙ አይቀበሉት። በየቀኑ የሚታይ፣ የሚለካና የሚደገፍ ደን ነው። ይህን ማወቅ ውበቱን ይቀንስብኛል ብለው አይስጉ፤ እኔ ራሴ ከሥሮቹ ሥር የተሸጎጡትን የብረትና የእንጨት ድጋፎች መፈለግ ከጀመርኩ ወዲህ ነው ቦታውን በእውነት ማየት የቻልኩት።

አሁን ወደ ዛፎቹ። ጎንደር ፋሲል መዋኛ ሄደው ከሆነ፣ በጥንቱ የግንብ አጥር ላይ ተቀምጠው ሥራቸውን በድንጋዩ ላይ እንደ ጣት ዘርግተው የጨበጡትን ዛፎች ያስታውሷቸዋል። በታ ፕሮም ካሉት ሁለት ዓይነት ዛፎች አንዱ ከዚያው ከሾላና ከወርካ ወገን ነው። ሁለተኛው ካምቦዲያዎች ስፑንግ የሚሉት፣ ግንዱ ብርማ ግራጫ፣ ቁመቱ እጅግ ረጅም፣ ሥሩም እንደ ቀለጠ ሰም በጣሪያ ላይ የሚፈስስ የሚመስለው ነው። በፎቶግራፍ የሚታወቁት ትልልቆቹ በአብዛኛው ይህኛው ዓይነት ናቸው። የሾላው ዘር የሚመጣው ፍሬውን በልቶ ጣሪያ ላይ ከሚያርፍ ወፍ ነው። ሁለት ድንጋይ በሚገናኝበት ስንጥቅ ጥቂት አፈርና እርጥበት ካገኘ ይበቅላል፤ ከዚያም ፀጉር የመሰለ ሥር ወደ ታች ይሰድዳል። ሥሩ መሬት እስኪነካ ድረስ ዛፉ ደካማ ነው፤ የነካ ዕለት ግን ምግብና ውኃ አግኝቶ መወፈር ይጀምራል።

የክመር ሕንጻ ለዚህ ጥቃት የተጋለጠበት ምክንያት አሠራሩ ነው። ድንጋዮቹ ያለ ኖራ ነው የተደረደሩት፤ አንዱ በሌላው ላይ እየታሸ ፊቱ እንዲገጥም ይደረግና በገዛ ክብደቱ ብቻ ይቀመጣል። ጣሪያውም እውነተኛ ቅስት አይደለም። እያንዳንዱ የድንጋይ ረድፍ ከበታቹ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ሁለቱ ወገኖች አናት ላይ እስኪገናኙ ድረስ ይወጣል። በእውነተኛ ቅስት ድንጋዮቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉና አንዱ ቢንቀሳቀስ ሌሎቹ ይጨብጡታል፤ በዚህኛው ግን የድንጋዩን ሚዛን የሚጠብቀው ከኋላው ያለው ክብደት ብቻ ነው። አንድ ሥር በሁለት ድንጋዮች መካከል ገብቶ በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ያ ሚዛን ቀስ እያለ ይዛባል። ነፋስ ደግሞ ረጅሙን ዛፍ በገፋው ቁጥር ግንዱ እንደ መፈንቀያ ሆኖ ሥሩን ያነቃንቃል።

እስከዚህ ድረስ ያለው «ቁረጡት» የሚያሰኝ ነው። ቀጣዩን ግን ልብ ይበሉ። ሥሩ ድንጋዮቹን ካላቀቀ በኋላ እነዚያው ሥሮች ወፍረውና እርስ በርስ ተጠላልፈው የላላውን ግድግዳ እንደ መረብ ይዘውታል። በታ ፕሮም ምሥራቃዊና ምዕራባዊ መተላለፊያዎች ቆመው ቀና ቢሉ፣ ምንም ሳይደግፈው በአየር ላይ የተንጠለጠለ የሚመስል ድንጋይ ያያሉ፤ የያዘው ሥሩ ነው። ዛፉ ቢቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይጠፋም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ በግድግዳው ውስጥ የነበረበት ቦታም ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ መረቡም ክብደቱም የለም፤ ግድግዳው ይወርዳል። ስለዚህ አንድን ትልቅ ዛፍ ለመቁረጥ መወሰን ማለት በሥሩ ያለውን ሕንጻ ድንጋይ በድንጋይ ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ቆጥሮ መልሶ ለመገጣጠም መወሰን ማለት ነው። ይህ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ ባፑዎን ያሳያል፤ ቤተ መቅደሱ በ1960ዎቹ ለጥገና ተፈታ፣ ጦርነት መጣ፣ የድንጋዮቹ ቦታ የተመዘገበበት ሰነድ ጠፋ፣ ሥራው በ1995 እንደገና ተጀምሮ 300,000 ያህል ድንጋይ በቦታው እየተፈለገ እስኪገጣጠም 2011 ሆነ። ለአንድ ሕንጻ ነው ይህ ሁሉ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠውና ጎብኚዎች የማይሰሙት ይህ ነው። የአንግኮር አሸዋ ድንጋይ ትልቁ ጠላቱ ሥር ብቻ አይደለም፤ ደጋግሞ መርጠብና መድረቅም ነው። ዝናብ ያረጠበውን ድንጋይ የሐሩሩ ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ሲያደርቀው የድንጋዩ ፊት ያብጣል፣ ይሰበሰባል፣ በውስጡ ያለ ጨውም ወደ ላይ እየወጣ ይጠጥራል፤ ከጊዜ በኋላ ቅርጹን የያዘው ቆዳ እየተላጠ ይረግፋል። ታ ኬኦ የተባለው ቤተ መቅደስ በ1920ዎቹ ከደን ተጸዳ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የታ ኬኦን ቅርጻ ቅርጾች የድሮ ፎቶግራፎች ከዛሬው ሁኔታ ጋር አመሳክረው፣ ደን ከሸፈነው ከቤንግ ሜሊያ ጋርም አነጻጽረው፣ ደኑ ከተመነጠረ በኋላ የድንጋዩ መላጥ እንደ ፈጠነና የዛፉ ጥላ በተቃራኒው እንደ ጃንጥላ የሙቀቱንና የእርጥበቱን መለዋወጥ እንደሚያለዝበው አሳዩ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ደኑ ያፈርሳል» የሚለውን አባባል ብቻውን ለማንም አልናገርም። ዛፉ የሕንጻውን አቋም ያናጋል፤ የቅርጹን ፊት ግን ይጠብቃል። ጥበቃውም የሚሠራው በዚህ መሐል ነው፦ በጣሪያ ላይ የበቀለ ችግኝ ሥሩ ሳይወርድ ይነቀላል፣ የሸመገለ ዛፍ ደረቅ ቅርንጫፉ ይቀነስለታል፣ ግንዱ ይደገፋል፣ የሞተው ብቻ ቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል፣ ዙሪያውን ያለው ደን ግን ጥላውን እንደ ጣለ ይቆያል። እኔ በዚህ አሠራር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ቤንግ ሜሊያ የሚገኘው ከዋናው የአንግኮር ክልል ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኩሌን ተራራ ግርጌ ነው። ከሲየም ሪፕ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢመድቡ ይበቃዎታል፤ በሦስት እግር ባጃጅ መሄድ ይቻላል፣ ነገር ግን አቧራውና ጊዜው ከቀኑ ብዙ ይወስዳል። መቼ እንደ ተሠራ የሚናገር ጽሑፍ አልተገኘበትም፤ የአሠራር ስልቱ ከአንግኮር ዋት ጋር አንድ ስለሆነ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ አንግኮር ዋትን ባሠራው በንጉሥ ሱርያቫርማን 2ኛ ዘመን እንደ ተሠራ ይታመናል። ከአንግኮር ዋት የሚለየው ወደ ላይ የሚወጣ እርከን የሌለው፣ በአንድ ደረጃ መሬት ላይ የተዘረጋ መሆኑ ነው። ጣሪያ ያላቸው ሦስት የድንጋይ መተላለፊያዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰካክተዋል፤ ዙሪያውን 45 ሜትር ስፋት ያለው የውኃ ቦይ ይከበዋል። የመካከሉ ግንብ ፈጽሞ ወድቋል፤ እዚያ ደርሰው የሚያገኙት የድንጋይ ክምር ብቻ ነው።

እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሰማዎት ግራ መጋባት ይሆናል፤ ለእኔም እንዲሁ ነበር። ከወደቀው ድንጋይ በላይ የሚያሻግር የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለፊልም ቀረጻ ተሠርቶ የቀረ ነው፣ ከኋላም ተስፋፍቷል። በእሱ ላይ ሲሄዱ ወደ መስኮቶችና ጣሪያዎች ቁመት ይወጣሉ፤ ስለዚህ ጣሪያው እንዴት እንደ ተደረደረ ከጎን የተቆረጠ ሥዕል እንደሚያዩ ሆነው ማየት ይችላሉ። ቀስ ብለው ይዩት። ግማሹ የወደቀ ጣሪያ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ ከበታቹ ስንት ጣት ያህል ወደ ውስጥ እንደ ገባ መቁጠር ይቻላል፤ ከላይ የገለጽኩትን የሚዛን ነገር በመጽሐፍ አሥር ጊዜ ከማንበብ እዚያ አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል። ቀጥሎ የወደቁትን ድንጋዮች ገጽ ይመልከቱ፤ በብዙዎቹ ላይ ክብ ክብ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። ድንጋዩን በገመድ ለማንሣት ችካል ይገባባቸው የነበሩ ናቸው። የድንጋዩ መፈልፈያ ከዚሁ ከኩሌን ግርጌ ብዙም አይርቅም፤ ለአንግኮር ዋት የሚሄደው ድንጋይም የወጣው ከዚሁ አካባቢ ነው። ከበሮቹ በላይ ባሉ ጉበኖች ደግሞ በሂንዱ ተረት እንደሚነገረው አማልክትና አጋንንት የወተቱን ባሕር ሲንጡ፣ ቪሽኑ የተባለው አምላክም ጋሩዳ በሚባለው ወፍ ጀርባ ላይ ሆኖ የሚታይባቸው ቅርጾች አሉ፤ ጥላ ሥር ስለቆዩ ጠርዛቸው ዛሬም ስለታም ነው። በደቡቡ መንገድ ሲገቡ ባለ ብዙ ራስ እባብ፣ ናጋ የሚሉት፣ እንዳለ የተረፈ ስላለ እንዳያልፍዎት።

ከእንጨቱ መተላለፊያ አይውረዱ። አካባቢው በጦርነቱ ዘመን ፈንጂ የተቀበረበት ነበር፤ ቤተ መቅደሱና ቅርብ ዙሪያው በ2000ዎቹ ዓመታት ጸድቷል፣ ነገር ግን በካምቦዲያ ገጠር ከተረገጠ መንገድ ወጥቶ ወደ ደን መግባት ዛሬም የሚመከር አይደለም። ልጆች የድንጋይ ክምር ላይ እየዘለሉ አቋራጭ ሊያሳዩዎት ቢጠሩዎት በትሕትና እምቢ ይበሉ።

ይህ ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ያመጣኛል። አዎን፣ የሰው እግር ጉዳት ያደርሳል። የዛፍ ሥር ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት ቅርፊቱን ያቆስላል፤ በታ ፕሮም በታዋቂዎቹ ዛፎች ፊት የእንጨት መቆሚያ የተሠራው ለዚህ ነው። ላብ ያለበት እጅ ቅርጹን በነካ ቁጥር ቅባትና ጨው ይተውበታል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በወደቁት ድንጋዮች ላይ መውጣት ነው። እነዚያ ድንጋዮች በወደቁበት ቦታ መተኛታቸው ለጠጋኙ ትልቅ መረጃ ነው። የትኛው ከየትኛው ግድግዳ እንደ ወረደ የሚታወቀው ከአወዳደቁና ከመገጣጠሚያው ፊት ነውና፣ አንዱ ሲንከባለል ወይም ጠርዙ ሲሰበር ወደፊት መልሶ የማቆም ዕድሉ ይጠብባል። እንዲያም ሆኖ «አትሂዱ» አልልዎትም። የመግቢያ ክፍያው ለጥበቃው ከሚውለው ገንዘብ አንዱ ነው፤ በመተላለፊያው ላይ የሄደ፣ እጁን የሰበሰበ፣ ቀስ ያለ ጎብኚ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው።

ስለ ቲኬቱ፦ የአንግኮር የአንድ ቀን መግቢያ 37፣ የሦስት ቀን 62፣ የሰባት ቀን 72 የአሜሪካ ዶላር ነው። ለእርስዎ የሚስማማው የሦስት ቀኑ ነው፤ በ10 ቀን ውስጥ በማንኛውም ሦስት ቀን ይሠራል። ከ2020 ጀምሮ ቤንግ ሜሊያንም ይጨምራል፤ ኮህ ኬር የተባለው ሌላው የክመር ቤተ መቅደስ ስፍራ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ፎቶግራፍዎ ስለሚታተምበት ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ከቲኬት ሽያጭ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ወይም ከራሱ ድረ ገጽ እንጂ ከመንገድ ላይ አይግዙ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ጥር ደረቅ ወቅት ስለሆነ መንገዱ ይመቻል፤ ሰውም የሚበዛው በዚሁ ወቅት ነው። የወባ ትንኝ ባይበዛም ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈዋ ትንኝ በቀን የምትናደፍ ስለሆነች ረጅም እጅጌና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ። ከባንኮክ በመኪና ለመግባት አስበው ከሆነ፣ በ2025 በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር ላይ ውጊያ ተነሥቶ የየብስ መተላለፊያዎች ስለ ተዘጉ፣ ከመነሣትዎ በፊት ያጣሩ። በዚሁ ምክንያት፣ ደን ውስጥ ያለውን ባንቴይ ችማር የተባለ ቤተ መቅደስ እጅግ ብወደውም፣ ለድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ለአሁኑ ጉዞ አልመክርዎትም።

ታ ፕሮም የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ይድረሱ፤ አንግኮር ዋት ፀሐይ መውጫ ለማየት የሄዱት ብዙዎቹ ቁርሳቸውን በልተው እስኪመጡ አንድ ሰዓት ያህል መተላለፊያዎቹን በጸጥታ ያገኟቸዋል። ለቤንግ ሜሊያ ደግሞ ማለዳ 12 ሰዓት ከሆቴል ይውጡ። እንደ ደረሱ በደቡቡ በር ይግቡ፣ የእንጨቱን መተላለፊያ አንዴ ሳይቆሙ እስከ መጨረሻው ይሂዱት፣ ከዚያ ተመልሰው በሁለተኛው ዙር ጣሪያዎቹን ይመልከቱ። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መካከል ወደ ድንጋዩ መውረድ የሚጀምረው ረፋዱ ላይ ስለሆነ፣ ጉበኖቹን ለዚያ ሰዓት ያቆዩአቸው።